ከሮቤ የሚነሳ ጥያቄ፦ የይዘት ማሰራጫ መረቦች በምን ደንብ ይሠራሉ?

ሲዲኤን በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የይዘት ማሰራጫ መረብ የአንድን ድረ ገጽ ጽሑፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ ቅጂ በልዩ ልዩ ከተሞች በተተከሉ ሰርቨሮች ላይ አስቀምጦ፣ ለጠያቂው ከሚቀርበው ቦታ የሚያደርስ ሥርዓት ነው። ሥራው ሁሉ የሚመራው በደንብ ነው። እያንዳንዱ ደንብ ሁለት ነገር ይናገራል፦ የትኛው ጥያቄ እንደሚመለከተውና ያ ጥያቄ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ። ደንቡ በጥንቃቄ ሲጻፍ ሮቤ ያለ ተማሪ ገጹን ወዲያው ያገኛል። በቸልታ ሲጻፍ ገጹ ይዘገያል፣ ያረጀ መረጃ ይቀርባል፣ ሲብስም የአንዱ ሰው የግል ገጽ ለሌላው ይታያል። ስለዚህ የደንቡ አጻጻፍ የባለሙያዎች የቤት ሥራ ብቻ ሳይሆን የተጠቃሚው ሕዝብ ጉዳይ ነው።

ርቀቱና መላው

ሮቤ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ጎባ ደግሞ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ዘልቃ ትገኛለች። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ይህ ርቀት ለኢንተርኔት ከባድ አይደለም፤ በገመዱ ብቻ ሲሰላ ደርሶ መልሱ 5 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ጉዞው የሚረዝመው ከዚያ ወዲያ ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፉ መስመር ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር የሚገናኘው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ነው። የድረ ገጹ ሰርቨር ፍራንክፈርት ከተቀመጠ በአየር መስመር ሲለካ ከአዲስ አበባ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ከሆነ ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ቢጓዝ እንኳ የቨርጂኒያው ደርሶ መልስ ከ110 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ገመድ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በዚያ ላይ ስልኩና ሰርቨሩ ግንኙነት ለመክፈት፣ የምስጢር ቁልፍ ለመለዋወጥና ገጹን ለመጠየቅ በተለምዶ ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ፎቶዎቹ የሚጠየቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ርቀቱን ለማሳጠር የተገኘው መላ ይዘቱን ራሱን ወደ ሰው ማቅረብ ነው። ድረ ገጽን የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1995 የኢንተርኔት መጨናነቅ እየመጣ መሆኑን አይቶ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ባልደረቦቹ መፍትሔ እንዲፈልጉ ጠየቀ። የሒሳብ ሊቁ ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሌዊን በጥያቄው ላይ ሠርተው በ1998 አካማይ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። አማዞን ክላውድፍሮንትን በ2008፣ ክላውድፍሌር ደግሞ የራሱን አገልግሎት በ2010 ለሕዝብ አቀረቡ። ዛሬ ክላውድፍሌር በጅቡቲ፣ በሞምባሳና በናይሮቢ ሰርቨሮች ስላሉት፣ ከሮቤ የተነሳ ጥያቄ አውሮፓ ሳይደርስ መልስ ሊያገኝ ይችላል። የትኛው ከተማ እንደሚደርስ የሚወስነው የካርታው ርቀት ብቻ አይደለም፤ የቴሌኮም ድርጅቱ ጥያቄውን የሚያሳልፍበት መስመርም ነው።

በየከተማው ያለው ሰርቨር የዳር ሰርቨር፣ ባለቤቱ ዋናውን ፋይል ያኖረበት ደግሞ ምንጭ ሰርቨር ይባላል። በዳር ሰርቨሩ ላይ ቅጂ የሚቀመጥበት ቦታ ካሽ ነው። የተጠየቀው ነገር ካሹ ውስጥ ካለ ወዲያው ይሰጣል፤ ከሌለ ከምንጩ መጥቶ ለጠያቂው ይሰጥና ቅጂው ለቀጣዩ ሰው ይቀመጣል። ምን ይቀመጥ፣ ለስንት ጊዜ ይቀመጥ፣ ምን ጭራሽ አይቀመጥ የሚለውን የሚወስኑት ደንቦቹ ናቸው።

ጥያቄው ምን ይዞ ይመጣል?

ደንብ ጥያቄን የሚለየው ጥያቄው ይዞት በሚመጣው ነገር ነው። ለምሳሌ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን የሚያስተዋውቅ፣ ሰርቨሩም ሮቤ ውስጥ አንድ ቢሮ የተቀመጠ የጉብኝት ድረ ገጽ ይታሰብ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለሰፈረ ገጹን የሚከፍተው ሰው ከአገር ውስጥም ከውጭም ነው። ገጹ የሳነቴን አምባ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን፣ የሐረናን ደን፣ ቀይ ቀበሮውንና የደጋ አጋዘኑን በፎቶ ያሳያል፤ ዜና ያወጣል፤ ወደ ዲንሾ ለሚመጡ እንግዶች አስጎብኚ ያስመዘግባል። ይህን ሁሉ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ያቀርባል። እንዲህ ላለው ገጽ መረቡ ሚኒሶታ ላለ አንባቢ ርቀቱን ያሳጥርለታል። ጎባ ላለው ግን ሰርቨሩ ቅርቡ ስለሆነ ዋናው ጥቅም ሌላ ነው፦ ጠያቂ ሲበዛ ሰርቨሩ እንዳይወድቅ፣ መብራት ሲጠፋም ገጹ እንዳይጠፋ ያደርጋል።

ጎባ ያለ ሰው በስልኩ የቀይ ቀበሮውን ፎቶ ሲነካ የሚላከው ጥያቄ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። በመጀመሪያ የጥያቄው ዓይነት ይጻፋል፤ ለማየት ብቻ ከሆነ «ጌት»፣ ቅጽ ሞልቶ ለመላክ ከሆነ «ፖስት» ይባላል። ቀጥሎ የድረ ገጹ ስም፣ ከዚያም የተፈለገው ነገር ያለበት መንገድ ይመጣል፤ ለምሳሌ «/ፎቶ/ቀይ-ቀበሮ»። ከመንገዱ በኋላ የጥያቄ ምልክት ካለ ከእሱ ወዲያ ያለው ተጨማሪ መለኪያ ነው፤ «?ስፋት=800» የሚለው ፎቶው በ800 ፒክስል ስፋት እንዲመጣ ይጠይቃል። ከሥር ሄደር የሚባሉት መስመሮች ይደረደራሉ። እነዚህ የብሮውዘሩን ዓይነት፣ ስልኩ የተስተካከለበትን ቋንቋና ሊከፍት የሚችለውን የፎቶ ዓይነት ይናገራሉ። ተጠቃሚው ቀደም ብሎ በይለፍ ቃሉ ገብቶ ከሆነ ማንነቱን የሚያስታውሰው ኩኪም በዚያው ይመጣል። የዳር ሰርቨሩ በበኩሉ ጥያቄው የመጣበትን የአይፒ አድራሻና ከአድራሻው የሚገመተውን አገር ይጨምርበታል።

ማዛመድ፦ የደንቡ የመጀመሪያ ክፍል

የደንቡ የመጀመሪያ ክፍል ከእነዚህ አንዱን ወይም ብዙዎቹን ይመረምራል። ምርመራው «እኩል ነው»፣ «በዚህ ይጀምራል»፣ «በዚህ ያበቃል»፣ «ይህን ይዟል» በሚሉ ቀላል ማነጻጸሪያዎች ይካሄዳል። የኮከብ ምልክት «ምንም ይሁን ምን» ማለት ስለሆነ «/ፎቶ/*» በፎቶ ክፍል ሥር ያለውን ሁሉ ይይዛል። ሁኔታዎቹ «እና»፣ «ወይም»፣ «አይደለም» በሚሉ ማያያዣዎች ይጣመራሉ። «መንገዱ በ/ዜና/ ከጀመረ፣ እና ዓይነቱ ጌት ከሆነ፣ እና የመግቢያ ኩኪ ከሌለ» የሚለው አንድ ሙሉ ሁኔታ ነው።

ማሽኑ የሚያነጻጽረው የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን አይደለም። ክላውድፍሮንት ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ይለያል። ብዙ ካሜራዎች የፎቶ ፋይልን ቅጥያ በትልቅ ፊደል ስለሚጽፉ፣ በትንሽ ፊደል የተጻፈ ደንብ እነዚያን ፎቶዎች ሳይነካ ያሳልፋቸዋል። በኢትዮጵያ ፊደል ለሚሠራ ገጽ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የሆሄ ልዩነት ነው፤ ከተማዋ «ጎባ» ተብላም «ጐባ» ተብላም ትጻፋለች፤ ለአንባቢው አንድ የሆኑት ሁለቱ ለደንቡ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ሁለተኛው ፊደሉ በመስመር ላይ የሚጓዝበት መልክ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባ ሲሆን፣ በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ እያንዳንዱ ባይት የመቶኛ ምልክትና ሁለት ቁምፊ ሆኖ ስለሚጻፍ አንድ ሆሄ 9 ቁምፊ ይሆናል፤ ሁለት ሆሄ ያላት «ሮቤ» 18 ቁምፊ ሆና ትጓዛለች ማለት ነው። ደንቡ ከተፈታው መልክ ጋር ይነጻጸራል ወይስ ካልተፈታው ጋር? መልሱ ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ሊለያይ ስለሚችል፣ የአማርኛ ገጽ ደንብ የሚጽፍ ባለሙያ የሙከራ ጥያቄ ልኮ በዓይኑ ሳያይ ማለፍ የለበትም።

እርምጃ፦ የደንቡ ሁለተኛ ክፍል

ሁኔታው ሲሟላ እርምጃው ይፈጸማል። በብዛት የሚያገለግለው ቅጂ ማስቀመጥ ነው። የቆይታው ጊዜ በሰከንድ ይሰጣል፤ 300 ማለት አምስት ደቂቃ፣ 86,400 ማለት አንድ ቀን ነው። ምንጩ ምንም ካላለ ክላውድፍሮንት በራሱ የሚወስደው መነሻ 24 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ካሾች እንዳሉ ልብ ይሏል፤ አንዱ የዳር ሰርቨሩ፣ ሌላው የተጠቃሚው ስልክ ነው። የዳር ሰርቨሩን ቅጂ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ አዝዞ ሊያጸዳው ይችላል። በሰው ስልክ ውስጥ የተቀመጠውን ግን ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ የሚደርስበት የለም። ስለዚህ በየጊዜው ለሚለዋወጥ ገጽ የስልኩን ቆይታ አሳጥሮ የዳር ሰርቨሩን ማስረዘም የሚመከር አሠራር ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ካሹን አልፎ ጥያቄውን በቀጥታ ወደ ምንጩ መላክ ነው። ሦስተኛው ወደ ሌላ አድራሻ ማዞር ሲሆን፣ ቁጥር 301 «ለዘለቄታው ተዛውሯል»፣ 302 ደግሞ «ለጊዜው ነው» ማለት ነው። 301ን ብሮውዘሮች ስለሚያስታውሱት በስሕተት የተሰጠ ከሆነ መመለሱ ያስቸግራል። አራተኛው ሄደር መጨመር፣ መቀየር ወይም ማንሳት ነው። አምስተኛው ምንጭ መምረጥ ነው፤ ፎቶው ከአንድ ማከማቻ፣ ምዝገባው ከሌላ ሰርቨር እንዲመጣ ይደረጋል። የመጨረሻው መከልከል ወይም መገደብ ነው፤ በ403 «አልተፈቀደም»፣ በ429 «ጥያቄ አብዝተሃል» የሚል መልስ ይሰጣል።

ቅደም ተከተል

አንድን ጥያቄ ብዙ ደንቦች ሊመለከቱት ይችላሉ። «/ዜና/ፎቶ/ሳነቴ» የዜናውን ደንብም ሊያሟላ ይችላል፣ ፎቶ የሚለውን ቃል የሚፈልገውንም ደንብ። የትኛው እንደሚጸና አገልግሎቶቹ አንድ ዓይነት አሠራር የላቸውም። ከጎባ በሳነቴ በኩል ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላዎች ተደርድረዋል ቢባል፣ በክላውድፍሮንት አሠራር መኪናውን የሚያስተናግደው ለእሱ የሚሆን የመጀመሪያው ኬላ ብቻ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ያሉት አይነኩትም። በማይክሮሶፍት አዙር ፍሮንት ዶር ግን የሚመለከታቸው ኬላዎች ሁሉ በየተራ የየራሳቸውን ይፈጽማሉ፤ አንዱ «ከዚህ በኋላ አይፈተሽ» ካላለ በቀር። ክላውድፍሌር ራሱ ሁለቱንም ያውቃል፤ የቀድሞዎቹ የገጽ ደንቦቹ ቅድሚያ ያለውን አንዱን ብቻ ሲፈጽሙ፣ አዳዲሶቹ የካሽ ደንቦቹ ግን ይደራረባሉ፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ደንብ ከተጋጨ የኋለኛው ይጸናል። ደንብን ከአንዱ አገልግሎት ገልብጦ ወደ ሌላው መውሰድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ይገለበጣል።

የመጀመሪያው ደንብ በሚጸናበት አሠራር የጉብኝት ድረ ገጹ ደንቦች እንዲህ ሊደረደሩ ይችላሉ፦

1. መንገዱ በ«/አስተዳደር/» ከጀመረና አይፒው ከቢሮው አድራሻዎች ካልሆነ፦ ይከልከል።
2. መንገዱ በ«/አስተዳደር/» ወይም በ«/ምዝገባ/» ከጀመረ፣ ወይም ዓይነቱ «ፖስት» ከሆነ፣ ወይም የመግቢያ ኩኪ ካለ፦ ወደ ምንጩ ይሂድ፣ ቅጂ አይቀመጥ።
3. መንገዱ በቀድሞው «/አልበም/» ከጀመረ፦ ወደ «/ፎቶ/» በ301 ይዙር።
4. መንገዱ በ«/ፎቶ/» ከጀመረ፦ ለአንድ ዓመት ይቀመጥ።
5. መንገዱ በ«/ዜና/» ከጀመረ፦ ለአምስት ደቂቃ ይቀመጥ፤ ምንጩ ካልመለሰ የቀድሞው ቅጂ ይሰጥ።
6. ሌላው ሁሉ፦ ለአንድ ሰዓት ይቀመጥ።

በዚህ ድርድር ጠባቡ ደንብ ከላይ፣ ሰፊው ከታች ነው። ስድስተኛው ወደ አንደኛ ቢወጣ «ሌላው ሁሉ» የሚለው ሁሉንም ስለሚይዝ፣ የምዝገባው ገጽ ከእነ ስልክ ቁጥሩ ለአንድ ሰዓት ቅጂው ተቀምጦ ለቀጣዩ መንገደኛ ይሰጣል። በቃላቱ ላይ አንዲት ፊደል ሳይነካ ቦታ በመለወጥ ብቻ የሰው ምስጢር ይወጣል። አራተኛው ደንብ ፎቶን ለአንድ ዓመት ማስቀመጥ የቻለው ፎቶ ሲታደስ በአዲስ የፋይል ስም ስለሚወጣ ነው፤ በአሮጌው ስም ላይ አዲስ ፎቶ የሚጭን ቢሮ ይህን ያህል ቆይታ ሊሰጥ አይገባም። በአምስተኛው ደንብ ያለው «የቀድሞው ቅጂ ይሰጥ» የሚለው ሐረግ ደግሞ ሮቤ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ነው፤ ሰርቨሩ ቢዘጋም ቅጂው የተያዘለት ዜና አይቋረጥም።

የቅጂው መለያ

የዳር ሰርቨር አንድን ቅጂ ከሌላው የሚለይበት ምልክት የካሽ ቁልፍ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የድረ ገጹ ስም፣ መንገዱና ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለው አንድ ላይ ሆነው ነው ቁልፉን የሚሠሩት። አድራሻው በመጠኑ ከተለወጠ ለዳር ሰርቨሩ ሌላ ነገር ነው። ፌስቡክ ወደ ውጭ በሚወስዱ ሊንኮች ጫፍ ላይ የራሱን የመከታተያ ኮድ ይለጥፋል፤ ኮዱ ስለሚለያይም ስለ ቀይ ቀበሮ የወጣ አንድ ዜና በፌስቡክ ሲዛመት ለዳር ሰርቨሩ የሺህ ገጾች ያህል ይሆንበታል። አንዱም ቀድሞ የተቀመጠ ቅጂ አያገኝም፤ ሁሉም ወደ ሮቤው ሰርቨር ይጎርፋል። መድኃኒቱ «ይህ ኮድ በቁልፉ ውስጥ አይቆጠር» የሚል ደንብ ነው። በአንጻሩ «?ስፋት=800» የሚለው መቆጠር አለበት፤ ካልተቆጠረ ትልቅ ስክሪን ያለው ሰው ለስልክ የተዘጋጀውን ትንሽ ፎቶ ያገኛል።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። ገጹ በሦስት ቋንቋ እየቀረበ አድራሻው አንድ ከሆነና ቋንቋው በቁልፉ ካልተቆጠረ፣ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ የተጠየቀው ገጽ ቀጥሎ ለመጣው የአማርኛ አንባቢም ይሰጣል። ስልኩ የተስተካከለበትን ቋንቋ ተከትሎ መወሰንም አያስተማምንም፤ ስልካቸውን በእንግሊዝኛ አስተካክለው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚያነቡ ብዙዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን መንገድ ሰጥቶ ምርጫውን ለአንባቢው መተው ከሁሉም የተሻለ ነው።

የውጤት ቀን

የደንብ አጻጻፍ ሚዛን በግልጽ የሚታየው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚወጣበት ዕለት ነው። በ2015 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ840 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነዋል፤ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎትም ተፈታኞች ውጤታቸውን በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት እንዲያዩ ያደርጋል። 840 ሺህ ሰው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ገጹን ቢከፍት በሰከንድ 233 ሰው ማለት ነው። ገጹ አርማውን፣ ቅርጹንና ፎቶውን ጨምሮ ከ20 ፋይል ቢሠራ ጥያቄው በሰከንድ 4,660 ይደርሳል። ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ለሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ስለሆነ በዳር ሰርቨር ሊያዝ ይችላል። ምንጩ የሚቀርበት 233ቱን የውጤት ጥያቄ መመለስ ብቻ ነው። ደንብ ከሌለ የሚወድቅ ሰርቨር በአንዲት ደንብ ይቆማል።

ደንብ ያለቦታዋ ስትገባ ደግሞ ጉዳቷ የከፋ ነው። ውጤት የሚጠየቀው በመለያ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ የሚጻፍ ቢሆን፣ የፌስቡኩን ኮድ ለማስቀረት ተብሎ ከልክ በላይ ሰፍቶ የተጻፈ «ከጥያቄ ምልክቱ ወዲያ ያለው አይቆጠር» የሚል ደንብ እዚህ ሲሠራ ገጹን መጀመሪያ የከፈተው ተማሪ ውጤት ከኋላው ለሚመጡት ሁሉ ይታያል። አንድ ልጅ የሌላውን ውጤት የራሱ አድርጎ ቤተሰቡን ያስደስታል ወይም ያስለቅሳል። የግል የሆነ ምላሽ «አይቀመጥ» የሚል ምልክት ከምንጩ መያዝ አለበት፤ የዳር ሰርቨሩም ደንብ ይህን ምልክት እንዳይሽር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ይህ በግምት ብቻ የሚነገር ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መሸጫ የጥያቄ ጎርፍ ጥቃት ደርሶበት ነበር። ጫናውን ለመቋቋም በችኮላ የተተገበረ የካሽ አሠራር ስሕተት ስለነበረበት፣ ለአንዱ ደንበኛ የተዘጋጀ ገጽ ለሌላው ቀረበ፤ 34,000 ያህል ሰዎች የግል መረጃቸው ተነካ። ስሕተቱ የገባው አገልግሎቱ በጥድፊያ ላይ በነበረበት ሰዓት መሆኑ ትምህርት ነው፤ የጥድፊያ ቀን ደንብ በሰከነ ጊዜ ተጽፎና ተፈትኖ መቀመጥ አለበት።

ቦታና አድራሻ

የአይፒ አድራሻ የጠያቂውን አገር በአብዛኛው በትክክል ይጠቁማል፤ ከተማውን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ከሮቤ የተነሳ የሞባይል ጥያቄ የቴሌኮሙ መስመር ከሚያልፍበት ቦታ የመጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ «ጠያቂው ኢትዮጵያ ከሆነ» የሚል ደንብ ሊሠራ ሲችል፣ «ጠያቂው ሮቤ ከሆነ» የሚለው እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው የገደብ ደንብ ነው። በዓለም ላይ ያሉት የቀድሞው ዓይነት አይፒ አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ብቻ ስለሆኑ የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ሥር ያስተናግዳሉ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኔትወርክም ብዙ ጊዜ በጥቂት አድራሻዎች ነው የሚወጣው። ለአንድ ሰው አንድ አድራሻ በተለመደበት አገር የተጻፈ «ከአንድ አይፒ በደቂቃ ከ100 ጥያቄ በላይ ይከልከል» የሚል ደንብ፣ እዚህ ሲመጣ አጥቂውን ብቻ አይከለክልም፤ በአንድ አድራሻ ሥር ያለውን የግቢ ተማሪ በሙሉ ይዘጋል። ተማሪው «ጥያቄ አብዝተሃል» የሚል መልስ ሲያነብ የሌላውን ጥፋት ይሸከማል። ገደቡን በኩኪ ወይም በመለያ ቁጥር መቁጠር፣ ከመከልከልም በፊት ሰው መሆኑን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ፍትሐዊ ነው። የአገሩን ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ደንብ እንዲጽፍ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ፈትኖ መልቀቅ

ትልልቆቹም ተሰናክለዋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2019 ክላውድፍሌር ጥቃትን ለመለየት ባወጣው አንድ ደንብ ውስጥ የነበረ የማዛመጃ ቀመር የሰርቨሮቹን ፕሮሰሰር በመላው ዓለም አንቆ ያዘ። በብዙ ኮከብና ነጥብ የሚጻፉት እንዲህ ያሉ ቀመሮች ያልታሰበ ጽሑፍ ሲያጋጥማቸው ተመላልሰው ማሰስ ስለሚጀምሩ ነው። ደንቡ በአንድ ጊዜ ወደ ሁሉም ከተማ ተለቅቆ ስለነበር ለ27 ደቂቃ ያህል ብዙ ድረ ገጾች ተዘጉ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 8 ቀን 2021 ደግሞ ፋስትሊ የተባለ ሌላ የይዘት ማሰራጫ ኩባንያ አንድ ደንበኛ ያደረገው፣ ራሱ ትክክል የነበረ የቅንብር ለውጥ በኩባንያው ሶፍትዌር ውስጥ ተደብቆ የኖረ ስሕተት ቀሰቀሰ፤ ከመረቡ 85 በመቶው ስሕተት መመለስ ጀመረ። በ49 ደቂቃ ውስጥ ግን 95 በመቶው ወደ ቦታው ተመልሷል።

ከእነዚህ የሚወሰደው አሠራር ለሮቤው ትንሽ ቢሮም ይሠራል። ደንቡ መጀመሪያ በሙከራ የድረ ገጽ ስም ላይ ይሞከራል፤ ሊያዝ የሚገባው ጥያቄ መያዙ፣ ሊያልፍ የሚገባውም ማለፉ በየተራ ይታያል። በሁለት ስልክ፣ በሁለት የተለያየ ስም ገብቶ የአንዱ ገጽ ለሌላው እንዳይታይ ማረጋገጥ ሊዘለል የማይገባ ፈተና ነው። ማዛመጃው «በዚህ ይጀምራል» ብሎ መግለጽ እየተቻለ ውስብስብ ቀመር አይጻፍም። አንድ ጊዜ አንድ ደንብ ብቻ ይለወጣል፤ የቀድሞው ቅጂም ለመመለስ እንዲያመች ይያዛል። ደንቡ ከተለወጠ በኋላ በአሮጌው ደንብ የተቀመጠው ቅጂ በዳር ሰርቨሮች ላይ ስለሚቆይ እሱን ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ «አልሠራም» የተባለ ደንብ ሠርቶ የሚታየው የቀድሞው ቅጂ ሆኖ ይገኛል።

ከተለቀቀ በኋላ የሚነበበው ሎግ የሚባለው የጥያቄዎች መዝገብ ነው። በእያንዳንዱ ምላሽ አጠገብ ከካሽ መገኘቱ ወይም ከምንጭ መምጣቱ ይመዘገባል። የፎቶ ጥያቄዎች ሁሉ ከምንጭ የሚመጡ ከሆነ አራተኛው ደንብ አልያዘም፤ የምዝገባ ገጽ ከካሽ ከተገኘ ሁለተኛው ተጥሷልና ወዲያው መታረም አለበት። የሎግ ሰዓት ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚጻፍ፣ 05:00 የሚለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው የጠዋቱን ጭነት ከንጋት በፊት የደረሰ ጥቃት አድርጎ ሊያየው ይችላል።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ደንብ አጠገብ ለምን እንደተጻፈ፣ ማን እንደጻፈውና መቼ እንደሚከለስ ሊሰፍር ይገባል። ለአንድ የፈተና ሰሞን የተጻፈ ደንብ ባለቤቱ ሥራ ከቀየረ በኋላም ለዓመታት ጥያቄ እያስቆመ ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱ ያልተጻፈበትን ደንብ ደግሞ የሚመጣው ባለሙያ ለማንሳት ይፈራል። በየስድስት ወሩ ተቀምጦ ጊዜው ያለፈውን መሰረዝ፣ ሁለት አንድ ዓይነት የሆኑትን ማዋሃድና ቅደም ተከተሉን እንደገና ማየት የሥራው አካል ነው።